በ46 ዲግሪ ሙቀት ዒላማ ተኩስ፦ ከዴንቨር ላስ ቬጋስ

የአክስቴ ልጅ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። ከከተማዋ በስተሰሜን ክላርክ ካውንቲ የሚያስተዳድረው ትልቅ የተኩስ ሜዳ አለ፣ 2,900 ኤከር፣ በእኛ ወደ 1,170 ሄክታር መሆኑ ነው። «ና እዚህ እንተኩስ» እያለ ስንት ጊዜ ጎተጎተኝ። እኔ ደግሞ ረዘም ያለ ዕረፍት የማገኘው በጁላይ 4 በዓል ሰሞን ብቻ ነው። በጁላይ ቬጋስ፣ ለዚያውም በረሃ ላይ ጠመንጃ ይዞ መቆም፣ ለሰው ሲነግሩት «ጤነኛ ነህ?» ያስብላል። 2024 ደግሞ ዓመት መርጦ የጋለበት ዓመት ነበር።

ከመንገዱ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው በሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርሕ ደረጃ ይከለከላል፣ ከክልከላው የሚወጡ ሁኔታዎችም አሉ። ስለዚህ የሚመለከታችሁ ከሆነ ጓደኛን ሳይሆን ጠበቃ ጠይቁ። የመሣሪያ ጥፋት ከወረቀት ጉዳይ ጋር ሲገናኝ ቀልድ የለም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4፦ ዴንቨር – ግራንድ ጀንክሽን

ሽጉጤ ዘጠኝ ሚሊሜትር ናት። ባዶዋን ቁልፍ ባለው ጠንካራ ሳጥን ከትቼ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጥኳት። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፦ መነሻህም መድረሻህም ላይ ከተፈቀደልህ፣ ጥይት ሳታጎርስ፣ መሣሪያውንም ጥይቱንም እጅህ የማይደርስበት ቦታ አድርገህ በሌሎች ስቴቶች ማለፍ ትችላለህ። የዳሽቦርዱ ኪስ ቢቆለፍም አይቆጠርም። እኔ ኮሎራዶን፣ ዩታን፣ የአሪዞናን አንድ ጥግና ኔቫዳን ስለማቋርጥ በዚህ አልቀልድም።

ጥይቱን ግን ከኋላ ወንበር ላይ አደረግኩት፣ በረዶ በሌለበትና በተቆለፈ የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከቀትር በኋላ ወጣሁ። አይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ግድም ነው፣ ከአዲስ አበባ እንኳ አንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። መኪናዬ ውጪውን 14 ዲግሪ አለችኝ። መስኮት ከፍቼ ያንን አየር ጠጣሁት፣ የሚመጣውን ስለማውቅ። ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ከዚያ የግሌንዉድ ሸለቆ፣ ከግራህ የኮሎራዶ ወንዝ፣ ከላይህ ገደል። መንገዱ ሲሠራ እንዴት ተደርጎ ነው ያሰኛል።

ፓሊሴድ ስደርስ ኮክ የሚሸጡ ገበሬዎች መንገድ ዳር ነበሩ። የፓሊሴድ ኮክ ስሙ የገነነ ነው። አንድ ትንሽ ቅርጫት በ8 ዶላር ገዛሁ። አገር ቤት ያለው ኮክ ትንሽና ጠንከር ያለ ነው፣ የዚህኛው ጭማቂ እስከ ክርን ይወርዳል። ጣዕሙ ግን፣ ይቅር በሉኝና፣ የልጅነቴን አይስተካከልም።

ግራንድ ጀንክሽን አደርኩ፣ ሞቴሉ 94 ዶላር። የበረዶ ማሽኑ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ራሱ ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል።

አርብ፣ ጁላይ 5፦ ግራንድ ጀንክሽን – ላስ ቬጋስ

ጠዋት 12 ሰዓት መንገድ ጀመርኩ። ጊዜው ጾመ ሐዋርያት ነው። ብዙ ሰው «የቄስ ጾም ነው» እያለ ያልፈዋል፣ እኔም ከብዙው ሰው ወገን ነኝ፣ አርብን ግን አልገድፍም። መንገድ ላይ ባቄላ የተጠቀለለበት ቡሪቶ ያለ አይብ አዘዝኩ። ከነአይቡ መጣ። መለስኩት። አይቡ በማንኪያ ተጠርጎለት ተመለሰ። ተውኩትና የገዛሁትን ኮክ በላሁ።

ግሪን ሪቨር የምትባለው የዩታ ከተማ በሐብሐብ የታወቀች ናት። ጠየቅኩ፣ «ገና ነው፣ ወር መጨረሻ ላይ ና» አለችኝ ሻጯ። ነዳጅ ሞላሁ፣ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ60 ገደማ። እዚህ መሙላት ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ከዚህ እስከ ሳላይና ከ100 ማይል በላይ በአይ-70 ላይ ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ምንም የለም። ታፔላው ራሱ ያስጠነቅቅሃል።

ታዲያ ኤሲው የት ይበላሻል? እዚያው ነዋ።

ሳን ራፋኤል የሚሉት ቀይ የድንጋይ ተራራ ላይ እየወጣሁ ቀዝቃዛው አየር ለብ አለ፣ ከዚያ ሞቀ፣ ከዚያ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ሆነ። ውጪው 39 ዲግሪ። ከጉዞው በፊት ዴንቨር አንድ ጋራዥ «ጋዙ አልቆ ነው» ብሎ 180 ዶላር ተቀብሎኝ ሞልቶልኝ ነበር፣ በሆዴ ምን ምን እንዳልኩ አልጽፍም። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ። ሸሚዜን በውሃ ነክሬ ለበስኩት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደርቆ እንደ ብራና ደረቀብኝ። የመኪና ማቆሚያ እይታ ቦታ ላይ ስቆም ካምፐር ይዘው የሚዞሩ ሽማግሌና ባለቤታቸው ጉዴን አይተው አንድ ላስቲክ በረዶ ሰጡኝ። ብር ሳወጣ ሴትዮዋ ተቆጡ።

በረዶውን ግማሹን ለአንገቴ፣ ግማሹን በፎጣ ጠቅልዬ ከጥይቱ ሳጥን ጎን አደረግኩት። ጥይት በመኪና ሙቀት ይፈነዳል የሚባለው ወሬ ነው፣ ባሩድ ለመቀጣጠል ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ግን የጋለ ባሩድ ቶሎ ይነድዳል፣ በጥይት ቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ ጥይቱም ፈጥኖ ይወጣል። በሩቅ ዒላማ ላይ ይሄ ራሱ ይታያል። ለብዙ ጊዜ ሲግል የከረመ ባሩድ ደግሞ እያደር ይበላሻል። ፀሐይ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እኔ ጥይት ከራሴ ጋር ነው የማኖረው፣ እኔ የምችለውን እሱም ይችላል።

አይ-15 ከገባሁ በኋላ ሴዳር ሲቲ ከፍታ ስለሆነች ተነፈስኩ። ከዚያ ሴንት ጆርጅ፣ ቁልቁል ወርጄ 44። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ መንገዱ የአሪዞናን ጥግ በቨርጂን ወንዝ ገደል መካከል ይሰነጥቀዋል። ጭነት መኪኖች፣ ጠመዝማዛ፣ ከሁለቱም ወገን ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ይተፋብሃል። ውብ ነው። በተሠራ ኤሲ ብመለስበት ደስ ይለኛል።

በዚህ ወቅት አሪዞና ስትገባ ሰዓትህ በአንድ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኔቫዳ ስገባ ደግሞ ነዳጁ ወደ 4 ዶላር ወጣ። ቬጋስ የደረስኩት ማታ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ ጠልቃለች፣ መኪናዬ አሁንም 43 ትላለች።

አክስቴ ቀዝቃዛ የተልባ ውሃ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። እስካሁን ከጠጣሁት ሁሉ እሱን የሚያክል የለም። ጋሼ፣ የአክስቴ ባል ማለት ነው፣ ገና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነበር እህል ውሃ የቀመሱት። ጾሙን በሥርዓቱ ነው የሚይዙት። «በዚህ ሙቀት እንኳ ውሃውን ቢጠጡ ምን ነበረበት» ስላቸው «ቤት ውስጥ ነኝ፣ ማሽኑ እየነፈሰልኝ ነው፣ ምን እሆናለሁ» አሉኝ። አክስቴ ከኋላቸው ራሷን ትነቀንቃለች።

ለዚህ ነው ተኩሱን ቅዳሜ ያደረግነው። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ አይጾምም። ጋሼ ካልጠጡ ይዘናቸው እንደማንወጣ የአክስቴ ልጅ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6፦ ሜዳው

የአክስቴ ልጅ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ 10 ሰዓት ገባ። ሳይተኛ ወጣን። አክስቴ በሶ በስኳርና በቁንጥር ጨው በጥብጣ በትልልቅ ጠርሙስ ሞላችልን። ውሃውን ለየብቻ ጫንን፣ ለሰው አራት ሊትር። ጌቶሬድ ከሚሉት የስፖርተኛ መጠጥ በሶ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ፣ ግን ይሻላል።

ሜዳው በዲካተር መንገድ ጫፍ ነው። ከተማው ድንገት ያልቅና ጠጠር፣ ቁጥቋጦና ባዶ ተራራ ይጀምራል። በሩ ሲከፈት ደረስን፣ በዚያ ጠዋት 34 ዲግሪ ነበር። መግቢያው ከአንድ ካርቶን ጥይት ዋጋ ብዙም አይርቅም። ጥይታችንን ፈተሹት። ሞቃቱ ወቅት ሲመጣ በዚህ አካባቢ ያለው የመንግሥት መሬት ላይ ብረት ያለበት ጥይት፣ የሚያበራ ጥይትና የሚፈነዳ ዒላማ ይከለከላል፣ ብረት ድንጋይ ሲመታ የሚወጣው ብልጭታ ደረቅ ሣር ላይ ካረፈ እሳት ነው።

መተኮሻው ጣራ አለው። ጣራው ግን የሚያድነው ከላይ ብቻ ነው። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ገብታ ጠረጴዛውን ታግለዋለች። ትልቅ ባርኔጣ ያደረገው፣ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ የጣለው የሜዳው ተቆጣጣሪ መጀመሪያ ያለን ስለ ተኩስ አልነበረም። «ውሃችሁን አሳዩኝ» ነው ያለን። ቀጥሎ ነጭ ፎጣ ሰጠን፣ መሣሪያው በማይተኮስበት ጊዜ እንዲሸፈን። ለምን እንደሆነ ብዙም ሳይቆይ ገባኝ። ሽጉጤን ሩብ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ትቻት ሳነሳት ብረቱ መዳፌን ለበለበኝ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሲፈቀድ ትተኩሳለህ። ተኩስ ይቁም ሲባል ጥይት ታወጣለህ፣ መሣሪያውን ከፍተህ ጠረጴዛው ላይ ታኖራለህ፣ ከመስመሩ ወደ ኋላ ትርቃለህ። ማንም መሣሪያ እንዳይነካ። ያኔ ዒላማህን ልትቀይር ወደ ፊት ትሄዳለህ። የሚገድለው ይሄ መንገድ ነው። መቶ ያርድ ሄዶ መመለስ፣ ጥላ በሌለበት፣ ነጭ ጠጠር ከታች እያንጸባረቀ። ተመልሰህ ስትቀመጥ ልብህ ይመታል፣ ላብህ መነጽርህ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ የጆሮ መከላከያው ሥር ላብ ይቋጥራል። አውልቀው ያሰኛል። አታወልቀውም፤ በአንድ ቅጽበት ብቻ የሰውን ጆሮ ሊጎዳ የሚችለው ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ግድም ይጀምራል፣ የሽጉጥ ተኩስ ደግሞ ወደ 160 ይጠጋል።

የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ደህና ሄዱ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን መሬቱ ላይ ያለው አየር መንቀጥቀጥ ጀመረ። በአጉሊ መነጽሩ ስታይ መቶ ያርድ ላይ ያለው ጥቁር ክብ ይዋኛል፣ ይረዝማል፣ ይጠባል። የትኛውን ልምታ? ከአፈሙዙ የሚነሣው ትኩሳት ደግሞ በላዩ ይጨመራል። አምስት ተኩሰህ አሥር ደቂቃ ማቆየት አለብህ፣ በቀዝቃዛ ወቅት የማይሰማህ ትዕግሥት ነው።

ከጎናችን በነጠላ ጫማና አንገቱ በተከፈተ ካናቴራ የመጣ ወጣት ነበር። አንድ ትኩስ ቀለህ ከሽጉጡ ዘልሎ ካናቴራው ውስጥ ገባ። ልጁ ጮኸ፣ ዘለለ፣ ሽጉጡን እንደያዘ ወደ እኛ ዞረ። ጣቱ ከምላጩ ላይ እንዳለ። ጋሼ በ67 ዓመታቸው ከጠረጴዛው ሥር ሲገቡ አላየኋቸውም፣ ብቻ አጠገቤ አልነበሩም። ተቆጣጣሪው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፣ የልጁን ክንድ ይዞ አፈሙዙን ወደ ሜዳው መለሰው። ሳይጮህ ሽጉጡን አስፈታው፣ ከዚያ «ለዛሬ አብቅቷል» ብሎ ሸኘው። ልጁ ከፍዬ ገብቻለሁ ብሎ ተከራከረ። ሰሚ አላገኘም።

አንዳንዱ ሰው ተቆጣጣሪዎቹ ያበዙታል ይላል። እኔም ሌላ ጊዜ ብዬ አውቃለሁ። በዚያ ሙቀት ግን ሰው ይደነዝዛል፣ እጁ ይንሸራተታል፣ ትዕግሥቱ ያልቃል፣ ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ይላል። መሣሪያ ይዞ ቶሎ ጨርሶ መሄድ የሚባል ነገር የለም። እኔ ብሆን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ሜዳውን እዘጋዋለሁ።

ጋሼ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ። «ታጠቅ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም» አሉ። በ1969 ዓ.ም. ለሚሊሺያ ተመልምለው ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው የሠለጠኑት። ከዚያ በፊት ደግሞ ቢቸና አካባቢ የአባታቸውን ምንሽር ተሸክመው ነው ያደጉት።

የአክስቴ ልጅ ካሊበር 22 ጠመንጃውን ሰጣቸው። ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አደላድለው «ይቺ የልጅ መጫወቻ ናት?» አሉ። ከመቀመጫው ይልቅ ቆመው መተኮስ ፈለጉ፣ ተቆጣጣሪው ፈቀደ። ሃምሳ ያርድ። ዝም ብለው ቆዩ። አንድ። ቆዩ። ሁለት። አምስቱም መዳፍ በማትሞላ ቦታ ላይ ሰፈሩ፣ ያለ አጉሊ መነጽር።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ትንፋሽህን አስወጣ፣ ግማሹ ላይ ያዘው፣ ምላጩን አትጎትት፣ ጭመቀው። ሙቀቱን እርሳው። አንተ ልጅ ሙቀቱን ነው የምታነጣጥረው።»

ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። መሬቱ በቀለህ ተሸፍኗል። ታጠቅ የተኮሱባትን ጥይት ቀለህ ቆጥረው ነበር የሚያስረክቡት፣ የጎደለች እንደሆነ ጭቃ ውስጥ በጉልበታቸው ይፈልጓታል። ሐምሌ ደግሞ አገር ቤት ዝናብ ነው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። «የዘጠኝ ሚሊሜትሯ አንዷ ስንት ናት?» አሉኝ። ሃምሳው 15 ዶላር ነበር፣ አንዷ 30 ሳንቲም። በዚያ ሰሞን በባንክ ምንዛሪ ወደ 17 ብር። ከዚያ በኋላ በተኮስኩ ቁጥር «አሥራ ሰባት» ይላሉ ከኋላዬ። ሳስት ድምፃቸው ይጨምራል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ መኪናዋ 41 ስትል ዕቃችንን ሰበሰብን። እጅ ሳይታጠቡ መብላት የለም፣ ከተኩስ በኋላ እርሳስ እጅ ላይ ይቀራል። በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ ይባላል። ቧንቧውን ከፈትኩ። ቀዝቃዛው ለሻይ የሚሆን ነበር።

ምሳ ኢትዮጵያ ቤት። ክላርክ ካውንቲ በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው አካባቢ አለ፣ ቬጋስ ውስጥ ሐበሻው ብዙ ነው። የጾም በያይነቱ ለሦስት ሰው በሁለት ትሪ፣ ከነቡናው 61 ዶላር። ዴንቨር ከምበላው በጥቂቱ ይረክሳል፣ ሽሮውም ይበልጣል። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን እንጀራ ሳይጨርስ ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ከሰዓት 46 ዲግሪ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰባት ተከታታይ ቀን የከሰዓቱ ሙቀት ከዚያ አልወረደም።

እሑድ፣ ጁላይ 7፦ ቤት ውስጥ

ሌሊት ተነሥተን ቅዳሴ ሄድን፣ ረፋዱ ላይ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ማንም ከቤት አልወጣም። ያን ቀን ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ገባች፣ በታሪኳ ተመዝግቦ የማያውቅ። ዜናው ላይ ሌላም ነገር ነበር፦ ቅዳሜ፣ እኛ ሜዳው ላይ በነበርንበት ቀን፣ ዴዝ ቫሊ በሚባለው በረሃ ውስጥ በሞተር ብስክሌት ከሚጓዙ ሰዎች አንዱ በሙቀት ሞቷል። እዚያ ከ53 አልፎ ነበር። የሕክምና ሄሊኮፕተር እንኳ በዚያ ሙቀት መብረር አልቻለም። አክስቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየችን። ስለ ተኩስ ወሬው እዚያ ላይ ቆመ።

ዳሎልን አንስተን ተከራከርን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተመዘገበው የዓመት አማካይ 34.6 ዲግሪ ነው፣ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛው። ጋሼ «እዛ አሞሌ የሚቆርጡት ሰዎች ኤሲ አላቸው?» አሉ። የመለሰላቸው የለም።

ከሰዓት ጋዜጣ ዘርግተን መሣሪያ ጠረግን። ላብ ብረት ያዝጋል፣ በተለይ የእጅ ላብ ሌሊቱን ካደረበት። ሽጉጤ ላይ የጣቴ አሻራ ቡናማ ሆኖ መታየት ጀምሮ ነበር። ጋሼ ከእጄ ነጠቁኝና ራሳቸው ዘይት ቀቡት።

ሰኞ፣ ጁላይ 8፦ ጋራዥና መንገድ

የአክስቴ ልጅ አንድ ሐበሻ መካኒክ ጋ ወሰደኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ሩብ ሰዓት አላየውም። የተበላሸችው ሪሌ የምትባለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ናት፣ ዕቃዋ 22 ዶላር፣ የእጅ 40። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ድሮም ሙሉ ነበር አለኝ። ደረሰኙን ፎቶ አንሥቼ ዴንቨር ለሞላልኝ ጋራዥ ላክሁት።

መንገዱን ሌሊት ለማድረግ ወሰንኩ። ማታ 3 ሰዓት ወጣሁ። አክስቴ ዳቦ ቆሎና የቀረውን በሶ ሰጠችኝ። ጋሼ የተረፈችውን የካሊበር 22 ካርቶን ለራሳቸው አስቀሩ፣ ልጃቸውን «በኖቬምበር ነው የምንሄደው፣ ሰው በሚችለው አየር» አሉት። የቨርጂን ወንዝን ገደል በእኩለ ሌሊት ሳልፍ 37 ነበር፣ ኤሲው ይሠራል። ሳላይና ላይ ንጋት ሆነ፣ ግሪን ሪቨር ላይ ሐብሐብ አሁንም የለም። ጋራዡ እስካሁን አልመለሰልኝም።